ያላጨስኩትን ሲጋራ እንዴት እንዳቆምኩ

ከንፈሬ ጥቁር ነበር ብዬ ልጀምር፤ ሌላው ሰው ሁሉ እኔን ሲያነሳ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከንፈሬ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ዙሪያውን፣ ከአፍንጫዬ ሥር እስከ አገጬ ድረስ፣ የጠቆረ ድስት ተደፍቶበት የተነሳ ይመስል ክብ ሠርቶ ጠቁሯል። የቀረው ፊቴ እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው ጠይም ነው። አፌ ብቻ ከሌላ አገር የመጣ ይመስል ነበር።

ሥራዬ ቆርቆሮ መምታት ነው። የሶዶና የዙሪያዋ ሰው ሣር ቤቱን እያፈረሰ ቆርቆሮ ማልበስ ከጀመረ ወዲህ ኑሮዬ ጣራ ላይ ሆነ። ጣራ ላይ የሚውል ሰው ምስማሩን የሚይዘው በአፉ ነው፤ አንደኛው እጅ ቆርቆሮውን፣ ሌላኛው መዶሻውን ይዟልና። ምስማር በአፉ የያዘን ሰው ደግሞ ማንም አያጫውተውም። ከታች ሆነው "ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?" ይላሉ። "እምም" እላለሁ። ያልፋሉ። ቤቴ ስገባ ምስማሩን ከአፌ አውጥቼ ጣሳ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አሁን ማውራት እችላለሁ፣ የሚያወራኝ የለም። ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። አንዲት ልጄ አበራሽ አርባ ምንጭ አግብታ፣ በዓል ሲመጣ ትደውላለች። በዓል ደግሞ እንደምታውቁት ቶሎ ቶሎ አይመጣም።

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተማር ሲሉኝ ሁምቦ ቆላ ወርጄ ተደብቄ ነበር። መንግሥት ተለውጦ፣ ሚስቴም ሞታ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ ተማርኩ። ሰው ካላናገረኝ ወረቀት ያናግረኝ ብዬ ነው። የዛሬ ልጆች ወላይትኛን በላቲን ይጽፋሉ፤ እኔ የያዝኩት የአማርኛውን ፊደል ነው። ስለዚህ በወላይትኛ አስባለሁ፣ በአማርኛ አነባለሁ፣ በሁለቱም ዝም እላለሁ።

እንዲህ እያልኩ ሳለ ቦዲቲ ላይ ሥራ ተገኘ። ቤቱ የአንዲት መበለት ነው። በልጇ ስም የደስታ እናት ይሏታል፤ ደስታ ራሱ አድጎ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል። ሁለት ቀን ጣራዋ ላይ ዋልኩ። ምሳ ፎሰሴ አቀረበችልኝ፤ በቆሎና ጎመን ነው፣ ከአጠገቡ ያለው የቃሪያ ዳጣ ግን የሞተ ሰው ያስነሳል። በሁለተኛው ቀን ስወርድ፣

"የአበራሽ አባት፣ አንተ ስትመታ እንደ ዝናብ ነው የምሰማው፤ አበቃሁ ብለህ ስትወርድ ቤቱ ጭር አለብኝ" አለችኝ።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የእኔ አለመኖር የተሰማው ሰው ስላላየሁ፣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ወላይታ አገር የጴንጤ መበለት ማግባት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሥራ ለመቀጠር እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሰውየውን ምስክርነት ያጣራሉ፤ ይጠጣል ወይ፣ ይቅማል ወይ፣ ያጨሳል ወይ፣ ሌላ ቦታ ሚስት አለችው ወይ። ቦዲቲ ተጠርቼ ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አንደኛው አቶ ዳንኤል የደስታ እናት ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛው አቶ ማቴዎስ በወጣትነቱ ሾፌር የነበረ፣ ሲጋራ ያጨስ የነበረ፣ ጌታን ሲያገኝ የተወ፣ ይህንንም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የሚመሰክር ሰው ነው። ሦስተኛው አርጅቷል፤ አሜን ለማለት ነው የመጣው።

"ወንድማችን፣ ታጨሳለህ?" አለኝ አቶ ዳንኤል።

"አላጨስም።"

"ከንፈርህስ?"

"ከንፈሬ ምን ሆነ?"

"ይመሰክርብሃል።"

"ከንፈሬ ስለ እኔ ምን ያውቃል?" አልኩ። የተናገርኩት በቁጣ ነበር። ቁጣዬንም ጻፉት።

አቶ ማቴዎስ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበኝና "ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው ነገር ነው። ይሄ የሲጋራ ከንፈር ነው። መካድ ከማጨስ ይብሳል" አለኝ።

ሦስት ጊዜ ጠሩኝ፤ ሦስት ጊዜ አላጨስም አልኩ። በካድኩ ቁጥር ከንፈሬ እየጠቆረ የሄደ ይመስላቸዋል። ግቢያችን ውስጥ የሚከራይ አንድ መምህር አለ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው። አማከርኩት።

"ጋሼ፣ አልገባህም" አለኝ። "ምንም ያላጠፋ ሰው እነሱ ዘንድ ሥራ አይሰጣቸውም። የሰከረውን አስተውለው፦ መጠጥ ተውኩ ብሎ የተነሳ ቀን ይጨበጨብለታል፣ ከፊት ወንበር ይሰጠዋል። ጠጥቶ የማያውቀውስ? በር አጠገብ ተቀምጦ ያጨበጭባል። አጨስ ነበር፣ ተውኩ በላቸው። ያልቃል።"

እዚህ ላይ ነው ጅልነቴ። ሌላ ሰው ያሳሳተኝ አድርጌ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መንገዱን አይቼ፣ ለክቼ፣ ተስማምቶኝ ነው የገባሁበት። ዘጠኝ ዓመት ብቻውን የበላ ሰው ገበታ ካየ በየት በኩል እንደሚቀርብ አይመርጥም።

በቀጣዩ እሁድ ቦዲቲ፣ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። የደስታ እናት በሴቶቹ በኩል ሦስተኛው መስመር ላይ ናት። "ወገኖቼ፣ ዋሽቼ ነበር። አጨስ ነበር" አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ እኔን እየሰማ ነው! አፌ ተከፈተ።

"ስንት ዓመት አጨስክ?" አለ አቶ ዳንኤል።

"ሃያ" አልኩ። ለምን ሃያ እንዳልኩ አላውቅም።

"በቀን ስንት ፍሬ?" አለ አቶ ማቴዎስ።

ይሄኛውን አላሰብኩበትም። ሲጋራ በፍሬ ይቆጠር በክንድ ይለካ የት አውቄ! ምስማር ነው ትዝ ያለኝ። "መቶ፣ ሲበዛ መቶ ሃምሳ" አልኩ።

"ኧረ ጌታ ሆይ!" ብሎ አቶ ማቴዎስ ራሱን ያዘ። የሾፌርነቱ ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናቀበት። ምእመናኑ አለቀሱ። እኔም የሌላ ሰው ኃጢአት እያወራሁ እንደሆነ ረስቼ አለቀስኩ። የደስታ እናት አንገቷን ደፍታ ነበር። ልቧ ተነክቷል ብዬ ደስ አለኝ።

መምህሩ ያልነገረኝ ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ነው። ስድስት ወር በተግሣጽ እንድቆይ ተወሰነ። ጋብቻው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ማቴዎስም ተነስቶ "ንስሐው እውነተኛ ከሆነ ከንፈሩ ይለቃል። የእኔ በስድስተኛው ወር ነው የለቀቀው" አለ። በወር በወሩ እሱና አቶ ዳንኤል ሶዶ ድረስ እየመጡ ከንፈሬን ሊያዩ ተስማሙ።

እንግዲህ አስቡት። ያላጨስኩትን ሲጋራ ማቆም ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አቆምኩት። ከንፈሬ ግን ይህን አያውቅም።

ወደ መምህሩ ተመለስኩ። "ሎሚ" አለኝ። "ሎሚ የማያነጣው ነገር የለም።" በዚያው ሰሞን ሁምቦ የእህል መጋዘን ጣራ ልመታ ወረድኩ። ጠዋት ጠዋት ሎሚ ለሁለት እየከፈልኩ አፌን ዙሪያውን አሽቼ ጣራ ላይ እወጣለሁ። የሁምቦን ፀሐይ የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ከላይ እሷ፣ ከታች አዲስ ቆርቆሮ፣ መሐል የእኔ አፍ በሎሚ ታሽቶ፣ ምስማር ይዞ። ምስማር በሎሚ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው ለጠላቴ አልመኝም። በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ ዙሪያ ውኃ ቋጠረ። ውኃው ፈርጦ ቆዳው ሲረግፍ ከሥሩ የወጣው ጥቁረት የድሮውን አስናፈቀኝ። የድሮው ጥቀርሻ ነበር፤ ይሄኛው ሬንጅ ነው።

ወሩ ሞላና መጡ። አቶ ዳንኤል ገና ከበር ሲያየኝ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

"ወንድሜ፣ በዚህ ወር ስንት አጨስክ?"

"አንድም።"

አቶ ማቴዎስ አፍንጫውን ወደ አፌ አስጠግቶ አሸተተኝ። "ሎሚ ሎሚ ይላል" አለ።

"ሽታውን ለማጥፋት ይሆናል" አለ አቶ ዳንኤል።

"እኔም ሎሚ ነበር የማደርገው" አለ አቶ ማቴዎስ በሐዘን።

ጸልየውልኝ ሄዱ። እኔም በማግስቱ ገበያ ወርጄ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ የስልጤ ሰው ነው፤ ከምስማር እስከ ሽቶ የሌለው ነገር የለም፤ ምስማሬንም የምገዛው ከእሱ ነው። ከንፈሬን አሳየሁት።

"ይሄ ክሬም አለ" አለኝ። "ሴቶቹ ለፊታቸው ይወስዱታል። ለአፍ የጠየቀኝ የመጀመሪያው አንተ ነህ። ብቻ ወንድሜ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ብትቀባ ትንሽ ነው፣ ባትቀባም አልቀየምህም።"

ሐጂ ሐቁን ነግሮኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቆርቆሮው ጎን ለጎን ቀለም በብሩሽ ሲለቀልቅ የኖረ ሰው ትንሽ መቀባት አያውቅም። ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ ሁለተኛ ዙር፣ እንደ በርና መስኮት። በሦስት ሳምንት አፌ ነጣ። ሲነጣ ግን የፊቴን መልክ አልያዘም፤ አልፎ ሄደ። የአህያ አፍ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሌላው ሰውነቷ ግራጫ ሆኖ አፏ ዙሪያ ብቻ ነጭ ነው። እንደዚያ ሆንኩ። ሻንቶ ለሥራ ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ወተቱን ጥረገው እንጂ፣ ልንሄድ ነው!" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከሰው ጋር ያወራሁት በዚያ ሳምንት እሱን ብቻ ስለነበር አልተቀየምኩትም።

ሽማግሌዎቹ በሁለተኛው ወር ሲመጡ አቶ ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። "ሃሌሉያ!" አለ። "የእኔ በስድስት ወር፣ የእሱ በሁለት! በቀን መቶ ሃምሳ ያጨስ የነበረ ሰው!" እዚያው ግቢ ውስጥ መዝሙር ጀመሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። መምህሩ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ወር ክሬሙ ሥራውን ጨርሶ ከደመወዙ በላይ ጠየቀ። ቆዳዬ ነደደ፣ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ሲድን ከበፊቱ ጠቁሮ ዳነ። አቶ ዳንኤል አየኝና ለጓደኛው በሹክሹክታ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፣ "ወደ ኋላ ተመልሷል" አለው። ስድስቱ ወር እንደገና ከአንድ እንዲቆጠር ተወሰነ።

ያን ቀን ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩ። ሁልጊዜም ብቻዬን ነው የማስበው፤ ያን ቀን ግን ብቻነቴ ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ የሚስቅብኝ መሰለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሲስተሯ ልጄን አበራሽን የምታክል ናት። "ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለችኝ።

አመነታሁ። ምን ልበል? ለእግዚአብሔር ቤት አጨስ ነበር ብያለሁ። "አላጨስም" አልኩ ቀስ ብዬ፣ የሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብዬ።

እጄን ይዛ ጣቶቼን አገላብጣ አየች፤ ጥርሴን አሳዩኝ አለች። "እውነት ነው፣ አያጨሱም" አለች። ሦስት ሽማግሌ በስንት ጉባኤ ያላገኘውን፣ አንዲት ልጅ ጣቴን አይታ አገኘችው። ጣቴን ያየ ሰው አልነበረም።

የሎሚውንና የክሬሙን ታሪክ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። "ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ያጠቁራልም። ክሬሙን ዛሬውኑ ይጣሉት። ግን መጀመሪያ ያጠቆረው ምን ይሆን? መቼ ጀመረ?"

"አራት ዓመት ይሆነዋል።"

"ያኔ ምን አዲስ ነገር ጀመሩ?"

"ምንም። ማንበብ ተማርኩ እንጂ።"

 ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝና "እስቲ ያንን ያንብቡልኝ፣ ለራስዎ በሚያነቡበት አኳኋን" አለችኝ። ስለ እጅ መታጠብ ነው። በልቤ ማንበብ ጀመርኩ። ስጨርስ እየሳቀች ነበር።

"ጋሼ፣ ዘጠኝ ጊዜ ከንፈርዎን ላሱት። በአንድ ወረቀት! ምላስዎ ዙሪያውን ይሄዳል። ምራቁ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ሲደርቅ እንደገና ይልሱታል፤ አራት ዓመት እንዲህ ከሆነ ለምን አይጠቁር?"

ቫዝሊን መቀባት፣ ባርኔጣ ማድረግ፣ ከንፈር አለመላስ። መድኃኒቱ ይኸው ሆነ።

"ታዲያ ሳልልስ እንዴት ላንብብ?" አልኳት።

"ጮክ ብለው ያንብቡ። አፍ ሥራ ከያዘ ምላስ አይወጣም።"

"ለማን?" አልኳት።

 ካርዴ ላይ የምትጽፈውን ጻፈች።

ለቆርቆሮ አነበብኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጣራው ጫፍ ተቀምጬ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ጽሑፍ ሳይቀር፣ ጮክ ብዬ አነብ ጀመር። ሰዎች ከታች ቆም ብለው ይሰሙና "ሰውዬው ወንጌል እየሰበከ ነው" እየተባባሉ ይሄዱ ነበር። ቫዝሊን በተቀባ ከንፈር ምስማር ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ለምስማሩ የወገብ ከረጢት አሰፋሁ። አፌ ነፃ ወጣ። ሰው ግን ለምዶብኝ ኖሮ፣ ምስማር ባይኖርም አያናግረኝም።

ከንፈሬ ቀስ እያለ ለቀቀ። እንደገና የተቆጠረው ስድስተኛው ወር ሲሞላ ዱካው ብቻ ነበር የቀረው። አቶ ማቴዎስ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየኝና "በልክ! እንደ እኔው በስድስት!" አለ፤ የተካሰ መሰለ። ተግሣጹ ተነሳልኝ፣ ምስክርነቴም ጸና። በዚያው ሳምንት አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ቫዝሊኔን ተቀብቼ፣ ቦዲቲ የደስታ እናት በር ላይ ቆምኩ።

ወንበር አወጣችልኝ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"አለቀ፤ ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ" አልኳት።

"ሰማሁ።"

"ከንፈሬም ዳነ።"

"አየሁ።" አጠገቤ እንደቆመች ቀጠለች። "የአበራሽ አባት፣ ሁለት ቀን እዚህ ጣራ ላይ ውለሃል። የሚያጨስ ሰው ምሳ በልቶ ከአጥር ኋላ ይሄዳል፤ ሟቹ ባለቤቴ ያጨስ ስለነበር አውቃለሁ። አንተ የትም አልሄድክም። ከኪስህ ወረቀት አውጥተህ ከንፈርህን እየላስክ ታነብ ነበር። ወንድሜ ሲጠይቀኝ 'አያጨስም' አልኩት። 'አይተሽ ነው?' አለኝ። 'አይቼ ነው' አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባሉበት ስለ አንተ ማልኩ። ሁለት ወር ከወንድሜ ጋር አልተነጋገርንም።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም።

"ከዚያ አንተ ተነሳህና" አለች፣ "በጉባኤው ፊት እኔን ውሸታም አደረግኸኝ። በቀን መቶ ሃምሳ!"

"ላንቺ ብዬ ነው" አልኩ።

"ለእኔ ብትል ኖሮ እኔን ትጠይቀኝ ነበር። መምህር ነው አሉ ያማከርከው።"

"እሁድ እነግራቸዋለሁ። እውነቱን እናገራለሁ።"

"ምን ብለህ? 'ዋሽቼ ነበር' ብለህ ነበር፤ አሁንም 'ዋሽቼ ነበር' ልትል ነው። የቱን ይመኑህ?" አለችና ከወንበሩ እስክነሳላት ቆማ ጠበቀች።

እሁድ ሄድኩ። ማንም ሳይጠራኝ ተነሳሁ። "ወገኖቼ፣ በዕድሜዬ አንድ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። እዚህ ቆሜ ያወራሁት ውሸት ነው። እውነቱን የተናገረችው የደስታ እናት ናት። ከንፈሬን ያጠቆረው ንባብ ነው" አልኩ።

ንባብ የምትለዋን ባልጨምራት ይሻል ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አቶ ዳንኤል ፊቱ ጠቆረ። አቶ ማቴዎስ ቀስ ብሎ ተነስቶ ትከሻዬን ያዘ፤ ከልቡ ነበር ያዘነልኝ። "ወገኖቼ፣ ይህ የክህደት መንፈስ ነው። እኔንም ታግሎኛል። እጃችሁን ወደ ወንድማችን ዘርጉ፣ እንጸልይለት" አለ።

ሦስት መቶ እጅ ይሁን አራት መቶ፣ ሁሉም ወደ እኔ ተዘረጋ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። በሴቶቹ በኩል ሦስተኛው መስመር ላይ አየሁ። የደስታ እናት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ ተቀምጣለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጇን ያልዘረጋችብኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሲያበቃ ከሴቶቹ ጋር ወጣች፤ ሰላም አላለችኝም።

እንደገና ስድስት ወር ተሰጠኝ። በተግሣጽ ላይ ያለ ሰው የሚቀመጠው በመጨረሻው አግዳሚ ነው፤ በዚያ አግዳሚ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። በየእሁዱ ከሶዶ ተነስቼ ቦዲቲ ድረስ ለመቀጣት እሄዳለሁ። ሶዶ የሚቀጣኝ አጥቼ አይደለም። እዚያ ግን የደስታ እናትን ነጠላ ከጀርባ አያለሁ።

ባለፈው እሁድ የማላውቀው መዝሙር ተዘመረ። ዜማውን ስላልያዝኩት ከመዝሙር መጽሐፉ ላይ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያያል። የደስታ እናት አንድ ጊዜ ዞር አለች። ወደ እኔ ይሁን ወደ በሩ አላወቅሁም። በሩ ከኋላዬ ነው።